ኦዲን ላይ የረጨሁት ጸበል

ሆም ኬር ነው የምሠራው፤ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። እንግልውድ የሚባል ሰፈር ያሉት ደንበኛዬ ሚስተር ኤሪክ ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ዓይን ብቻ ያለው የእንጨት ምስል አላቸው። የድሮ የኖርዌይ ሰዎች ያመልኩት የነበረ ኦዲን የሚባል አምላክ ነው አሉኝ። ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደርክ" ይሉታል። እኔ ምንጣፉን ቫኪዩም ሳደርግ ደግሞ ያ ዓይን የሚከተለኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓርብ ሸለብ ሲያደርጋቸው ጠብቄ ከቦርሳዬ ጸበል አወጣሁና "በስመ አብ" ብዬ ፊቱ ላይ ረጨሁበት። ዞር ስል ሚስተር ኤሪክ የሚደገፉበትን ዎከር ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

"ምንድን ነው ያፈሰስሽበት?"

"የ... የተባረከ ውሃ ነው" አልኳቸው።

ስልካቸውን አውጥተው መነካካት ጀመሩ። ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ደውለው ሊያስባርሩኝ ነው አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። በብርሌ የተቀዳ ጠጅ ፎቶ ነው!

"ኦዲን ውሃ አይወድም፤ የሚቀርብለት የማር መጠጥ ነው። ይሄ የእናንተ አገር ጠጅ አይደል? ሰኞ ስትመጪ አምጪለት።"

ሰይጣን ላባርር ገብቼ የሰይጣን ጠጅ አሳላፊ ሆኜ ወጣሁላችሁ።