ከባዮሎጂ ክፍል የምትወጣው ሜሮን

ቅዳሜ ማለዳ ከኮዬ ፈጬ ተነሣሁ። መድረሻዬ አቃቂ፣ የተማሪዬ የሜሮን ቤት ነው። ሜሮን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ባዮሎጂ የማስተምራት እኔ ነኝ። የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ከጀመርን ወዲህ ግን እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። በዚያው ሰሞን አንዳንድ ወላጆች "ልጆቻችንን ከዝንጀሮ መጣችሁ አትበሉብን" ብለው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ቀርበዋል። እሳቸውም "ቤታቸው ያንብቡት በያቸውና እለፊው" አሉኝ። መልሴን ሰኞ ሊሰሙ ቀጥረውኛል። የሜሮን እናት ከነዚያ ወላጆች አንዷ መሆናቸውን አልተጠራጠርኩም።

ኮዬን ጉም ውጧት ነበር። የኮንዶሚኒየሞቹ የላይኛው ፎቆች ብቻ ብቅ ብለው፣ ከመሬት ተላቀው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። በቱሉ ዲምቱ በኩል ስንወርድ ግማሹ ተሳፋሪ አንቀላፍቷል፤ የሚኒባሱ መስኮት በትንፋሽ ደብዝዟል። መማሪያ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ገልጬ ነበር። ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከጎኔ ሆነው የራስ ቅል ሥዕሉን አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ የማን ነው?"

"በጣም የጥንት ሰው ነው አባባ። እዚሁ አገራችን የተገኘ።"

ትክ ብለው አዩት። "ነፍስ ይማር" አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ስንት ዓመት ሳስተምረው ያ የራስ ቅል እናት የነበረችው፣ ነፍስ ይማር የሚባልለት ሰው መሆኑን አስቤ አላውቅም ነበር።

አቃቂ

አንድ የስልጤ ነጋዴ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ በቦንቦሊኖ ቀመስኩ። ሰውየው መንገዱን አሳየኝ። አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ይዤ ሄድኩ። ሣር ሸፍኖታል፤ ብረቱ ጤዛ አዝሎ እዚህም እዚያም ያበራል። ከሩቅ የፋብሪካ ድምፅ ይሰማል፤ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ ይመጣል፣ ይሄዳል።

የሜሮን እናት ወይዘሮ አልማዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። በሩን እንደከፈቱ "ቲቸር፣ እንኳን መጣሽልኝ!" አሉ። "ልጄን ለምንድነው ከክፍል የምታስወጫት?"

ደነገጥኩ። "እኔ አላስወጣኋትም። እርስዎ የከለከሏት መስሎኝ ነው የመጣሁት።"

"እኔ? ሐኪም እንድትሆን ቀን ከሌት እየጸለይኩ?"

ሁለታችንም ወደ ሜሮን ዞርን። ልጅቷ አቀረቀረች።

"አባቴ ከሞተ ገና ዓመቱ ነው፣ ቲቸር። ሰው እንደ ሌላው እንስሳ ከሆነ፣ ሲሞት በቃ አለቀ ማለት ነው አይደል? ይህን ካንቺ አፍ መስማት ፈራሁ።"

እናቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔ ስለ ቅሪተ አካል፣ ስለ ዘረ መል ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉንም ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ሜሮን" አልኳት፣ "ትምህርቱ የሰው አካል በረጅም ዘመን እንዴት እንደተለወጠ ነው የሚነግረን። ማስረጃው ብዙ ነው፤ አልዋሽሽም። አባትሽ አሁን የት እንዳሉ ግን አጥንት በመቆፈር አይታወቅም። በባዮሎጂ ስም ይህን ጥያቄ ልመልስልሽ አልችልም።"

"አንቺስ ትጸልያለሽ?" አሉ እናቷ።

"እጸልያለሁ።"

"እያስተማርሽው?"

"እያስተማርኩት። አንዳንዴ ይከብደኛል፤ ግን አንዱንም አልተውኩም።"

ሜሮን አለቀሰች። ወይዘሮ አልማዝ በነጠላቸው ጫፍ ዐይኗን ጠረጉላትና ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄንኑ ለምን ክፍል ውስጥ አትይውም? እንደሷ ፈርተው ዝም ያሉ አይጠፉም።"

መልስ

ሜሮን እስከ ባጃጅ መያዣው ሸኘችኝ። ሐዲዱ ላይ ስንደርስ "ዓሣ ነባሪ ድሮ እግር ነበረው የሚባለው እውነት ነው?" አለችኝ። ለካስ ምዕራፉን ውጭ ተቀምጣ ለብቻዋ ስታነበው ነበር። አዎ አልኳት፤ ጥያቄዋ ግን አላለቀም፤ ባጃጁ እስኪነሣ ጠየቀችኝ።

ኮዬ ስደርስ ጉሙ ተገፍፏል፤ ሕንፃዎቹ መሬት ላይ ቆመዋል። ዝም ያለን ሰው ሁሉ ተቃዋሚ አድርጌ መቁጠሬን በዚህች አጭር መንገድ ተረዳሁ። ቤቴ ሳልገባ ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩ።

"ምዕራፉን አላልፈውም። የሚቃወሙት ወላጆችም ሰኞ ክፍል መጥተው ይስሙ።"

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔስ መጥቼ ብሰማ?" አሉኝ።