ከሽሮው ጀርባ የደበቅኩት ፖስታ

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ሰውዬ ግን አሁንም ይቅር አላልኩትም።

የምኖረው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ነው። በሳምንት አራት ቀን በባቡርና በአውቶቡስ ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል ድረስ እየሄድኩ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር እንከባከባለሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። እሳቸው ግን ምሳ እየበሉ ሥራቸውን ያስረዱኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ኮምፒውተር ከቁጥሮች እንዴት እንደሚማርና ተምሬያለሁ ሲል ምን ያህል እንደሚታመን ነው።

«ተማሪ ፈተናውን ቀድሞ ካየ፣ ማወቁን በምን ታውቂያለሽ?» ይሉኛል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚፈተንበትን መረጃ ገና ከመጀመሪያው ለይተው ፍላሽ ላይ ያስቀምጣሉ። ፍላሹን ፖስታ ውስጥ ያሽጉና መታሸጊያው ላይ ይፈርማሉ። እሳቸውም ጓጉተው እንዳይከፍቱት ፖስታውን ለእኔ ሰጡኝ። «የመጨረሻ ጥናቴ ነው፤ አደራ» አሉኝ። እዚያው ቤታቸው፣ ኪችን ካቢኔት ውስጥ ከሽሮው ጀርባ ደበቅኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋሼ ተኝተው ሳለ ዶክተር ሳምሶን መጣ። የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ጥናቱንም አብረው ነው የሚሠሩት። ፖስታው እኔ ጋ እንዳለ ያውቃል።

«እስቲ አምጪው፣ ቼክ ላድርገው።»

«ጋሼ ሲነሱ ቢጠይቋቸው አይሻልም?»

«አንቺ ደግሞ! መድኃኒት መስጠቱን ትተሽ ዳታ ጠባቂ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አፍሬ ሰጠሁት። ቀደደው። ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ፣ ኮምፒውተሩ የሳተውን እያየ፣ እያስተካከለ፣ መልሶ እየፈተነ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ ፍላሹን አዲስ ፖስታ ውስጥ አሸገና የጋሼን ፊርማ አስመስሎ ፈረመ።

«ሪላክስ፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው» አለኝ። ያቀረብኩለትን ፍርፍር በልቶ፣ ጣቱን እየላሰ «እጅሽ ይባረክ» ብሎኝ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለጋሼ መናገር ፈራሁ።

ፖስታው የሚከፈትበት ቀን ጋሼ ከረባት አሥረው ጠበቁ። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ፊርማውን ልብ አላሉትም። ዶክተር ሳምሶን ውጤቱን ሲያነብላቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አየሽ ልጄ! ኮምፒውተሩ ጭራሽ ያላየውን አወቀ!»

ዶክተሩ አጨበጨበ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«አይቶታል ጋሼ» አልኩ። «ዶክተር ከፍተውት ነበር። የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

«ኧረ እሷ ምን ገብቷት ነው!» እያለ ሳቀ።

ጋሼ አልሳቁም። ፖስታውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ፊርማውን ብዙ አዩት። ከዚያ ከረባታቸውን ፈቱ። «ውጣልኝ» አሉት።

ጥናቱ ቀረ። አንዴ የታየ መረጃ እንዳልታየ አይሆንም። ሌላ ለመሰብሰብ ዓመታት ይፈጃል፤ ጋሼ ደግሞ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሰውዬው ግን ዛሬም ሳን ሆዜ ሀበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የፊት ወንበር ይለቀቅለታል።

ጋሼ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ሳህናቸውን ሳነሳ ግን እንደ ድሮው «እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ ቀና ብዬ ላያቸው አልችልም። ፖስታውን አውጥቶ የሰጠው ያው እጅ ነው።