ጋሼ የመረጡልኝ ዘንግ

ባለፈው ወር የአጎቴ የሰማንያ ዓመት ልደት ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ባለው የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ተከበረ። ጋሼ ወርቁ እላቸዋለሁ፤ አሜሪካ ያስመጡኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲያወሩት የኖሩትን ታሪክ እንደገና አወሩ። የእህታቸው ልጅ ሰናይት ዓሣ እይዛለሁ ብላ ሐይቅ ወርዳ፣ ዓሣውን ትታ እሳቸውን በመንጠቆ እንደያዘቻቸው፤ የማጥመጃ ዘንጉንም ሰብራ፣ ዓይናቸውንም ልታጠፋ እንደነበር። ጉንጫቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣታቸው አሳዩ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጄ ዘወር ብሎ «ማም፣ ሪሊ?» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ሹካዬን ሰላጣው ውስጥ እያዞርኩ፣ ከሁሉም ጋር ሳቅኩ።

ሰናይት እኔ ነኝ። ነገሩም እንደዚያ አልነበረም።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሐዋሳ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር ጋሼ ቤት እኖራለሁ፤ ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት ካፒቶል ሂል አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ። እንደ ዛሬው ባቡር የለም፤ ሬኒየር ጎዳና ላይ ሽቅብ ቁልቁል በሚመላለሰው ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነበር የምሄደው። የእረፍት ቀኔ ሰኞ ስለነበረ፣ ሌላው ሰው ሥራ ሲገባ እኔ በእግሬ ወደ ሐይቁ እወርድ ነበር። ሚስ ዶሎረስን የተዋወቅኩት እዚያ፣ ወደ ውሃው በተዘረጋው የእንጨት መድረክ ጫፍ ላይ ነው።

ሚስ ዶሎረስ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር ነበረች። በዕድሜዋ አንቱ የምትባል ሴት ናት፤ በእንግሊዝኛ ግን አንቱ የለም። የሚታጠፍ ወንበሯን ዘርግታ፣ በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ዶሮ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እየበላችም እያጠመደችም ትውላለች። ሦስት ሰኞ ቆሜ ሳያት ዝም አለችኝ። በአራተኛው ሰኞ ትርፍ ዘንጓን ሰጠችኝና ዶሮዋን አካፈለችኝ። በሁለት ወር ውስጥ ከእሷ እኩል እይዝ ጀመር።

የምናጠምደው ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው። ጀርባው አረንጓዴ፣ አፉ ሰፊ፣ ጠባዩ ክፉ። ሲርበው ብቻ አይደለም የሚነክሰው፤ ሰፈሩ የገባበትንም ይነክሳል። ይህን ስትነግረኝ ዓሣውን ወደድኩት። ትልልቆቹ ባሶች ግን በትንሽ ነገር አይታለሉም። ለእነሱ የሚወረወረው ከእንጨት የተቀረጸ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ ሆዱና ጭራው ላይ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ የተንጠለጠለበት የውሸት ዓሣ ነው። ሚስ ዶሎረስ አንዱን ራሷ ቀርጻና ቀብታ ሰጠችኝ። ከትልቅ እንቁላል ይከብዳል፤ በአሜሪካኖቹ ሚዛን ሦስት አውንስ ነበር።

«ይሄን በዚህ ዘንግ እንዳትወረውሪው» አለችኝ፣ የያዝኩትን ቀጭን ዘንግ እያሳየችኝ። «ከእጀታው በላይ የተጻፈውን አንብቢ። ስንት እንደሚችል ራሱ ይነግርሻል። ሰው ግን ቀለሙን ነው የሚያየው።»

እውነትም ተጽፏል። እያንዳንዱ ዘንግ ከዚህ እስከዚህ አውንስ እወረውራለሁ ይላል። ለከባዱ የእንጨት ዓሣ የሚሆነው ዘንግ ርዝመቱ ከረጅም ወንድ ቁመት ይበልጣል፤ ታቹ ወፍራም፣ ግን እንደ መጥረጊያ እንጨት የሚገተር አይደለም፤ እስከ ወገቡ በዝግታ ይተጣጠፋል። ከባድ ነገር እንደ ጅራፍ አይወረወርም፤ ተወዛውዞ ነው የሚለቀቀው። ክሩ የሚጠቀለልበት ሪልም እንደዚሁ ይመረጣል። ወፍራም ክር በብዛት የሚይዝ፣ ፍሬኑ ጠንካራ፣ ሲጠመዘዝ ቀስ ብሎ ግን በጉልበት የሚስብ መሆን አለበት። ፈጣን ሪል እጅ ያደክማል። «ዳገት በአምስተኛ ማርሽ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ መኪና መንዳት ገና አልተማርኩም ነበር። ሁሉንም በአንድ የአውቶቡስ መርሐ ግብር ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ።

ጋሼ ታክሲ ይነዱ ነበር። ጨዋታ አዋቂ፣ ተወዳጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው የሚከባቸው ዓይነት ናቸው። ዘንግ ልገዛ መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ እኔ እወስድሻለሁ አሉ። እንግሊዝኛሽ ገና ነው፣ ሻጭ ያታልልሻል አሉኝ። ባጠራቀምኩት ደመወዝ የምገዛው የመጀመሪያው የራሴ ነገር ነበር፤ ያን ቀን ጠዋት ፀጉሬን ሁለቴ አበጠርኩ።

ሱቁ ከከተማው በስተደቡብ ነበር። ሻጩ ጢማም፣ ትልቅ ሰውዬ ነው። ገና ስንገባ ዓይኑ በእኔ ላይ አልፎ ጋሼ ላይ አረፈ። ምን ትፈልጋለች ብሎ እሳቸውን ጠየቃቸው። ጋሼም ገና ጀማሪ ናት፣ ቀለል ያለ ነገር ስጠን አሉት። ወረቀቴን አወጣሁና ለሦስት አውንስ የሚሆን ነው የምፈልገው አልኩ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ተሰምቷል፤ ሁለቱም ዘወር ብለው አይተውኛልና።

«ሰናይት፣ ዝም በይ፤ እኔ ላናግረው» አሉኝ ጋሼ በአማርኛ።

ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሻጩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ሸንበቆ የመሰለ ዘንግ አመጣ። ክንዷን አያደክማትም አለ። ከሥሩ የሚንጠለጠል ትንሽዬ ሪል ገጠመበት። ጋሼ በአየር ላይ አወዛወዙትና ግሩም ነው አሉ። እጀታው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ አውንስ ይላል። አነበብኩት፣ ገባኝ፣ ከፈልኩ። መኪና ውስጥ ጋሼ ባይመጡ ኖሮ ሻጩ ምን ሊሸጥልኝ እንደነበረ ሲያስረዱኝ፣ መስኮቱን ከፍቼ ውጭ ውጭውን አየሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ የሰኔ ቅዳሜ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወንዶች በአቶ ተፈራ ጀልባ ዓሣ ለማጥመድ ተቀጣጠሩ። ጋሼ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ የእህቴ ልጅ ከሁላችሁም ትበልጣለች ብለው ፎክረው ነበር። አራት ነበርን፤ አቶ ተፈራና አንድ ወንድማቸው፣ ጋሼና እኔ። ሰማዩ ግራጫ ነበር፤ እንደ ጥጥ የሚበንነው የዛፍ አበባ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። በዳቦ የተጠቀለለ እንቁላል በላን፤ ከፔርሙስ ሻይ ጠጣን። እስከ ረፋድ ድረስ ማንም ምንም አልያዘም። ጋሼ ከሳጥኔ ውስጥ የሚስ ዶሎረስን የእንጨት ዓሣ አዩና ለምን በዚህ አትሞክሪም አሉኝ።

ዘንጉ አይችለውም አልኳቸው። ወንዶቹ ሳቁ። አቶ ተፈራ የማይችለው ዘንጉ ነው ወይስ አንቺ ብለው ጠየቁኝ።

«ወርውሪው» አሉ ጋሼ። «ዘንግ ዘንግ ነው። እኔ የመረጥኩት አይሰበርም።»

እውነቱን እናገራለሁ ብያለሁ፤ ይህንንም ልናገር። በቀስታ አወዛውዤ፣ ቅርብ ቦታ መጣል እችል ነበር። ወይም እምቢ ብዬ መቀመጥ። እኔ ግን ተናደድኩ። የሱቁም ንዴት፣ የመኪናውም፣ የሳቁም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ዘንጉን ወደ ኋላ ወስጄ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩት። ከእጀታው በላይ ጧ ብሎ ተሰበረ። ያ ከባድ የእንጨት ዓሣ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ተሽከርክሮ ተመለሰና ጋሼ ፊት ላይ ዐረፈ። መንጠቆው ከቀኝ ዓይናቸው አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ጉንጫቸው ውስጥ ገባ።

አልጮሁም። እጃቸውን አንስተው የእንጨቱን ዓሣ ደገፉት፣ እንዳይጎትታቸው። ደሙ በአገጫቸው ሲወርድ ዓይኔ አለ፣ ዓይኔ አለ ይሉ ነበር፤ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። አቶ ተፈራ ጀልባውን ሲያበሩት እኔ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ሆስፒታል ሐኪሙ መንጠቆውን ቆርጦ አወጣና ሰፋቸው። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስጸልይ ስለ ዘንጉ አላሰብኩም። እንዲያዩ ብቻ ነበር የለመንኩት።

በማግሥቱ እሑድ ጋሼ ጉንጫቸውን አሽገው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሰው ከበባቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። ልጅቷ አወራወር አታውቅም፣ ተዪ ብላት እምቢ አለች አሉ። ተዪ ብላት አሉ። ሰዎቹ እግዚአብሔር አተረፈዎት እያሉ እኔን በቁጣ አዩኝ፤ አንዲት ሴትዮ ሴት ልጅ ምን ጀልባ ላይ አወጣት አለች።

ማታ እራት ላይ የተሰበረውን እጀታ አምጥቼ ሳህናቸው አጠገብ አስቀመጥኩ። የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ። ከዚያ የእንጨቱን ዓሣ ክብደት ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ የመረጡት እርስዎ ነዎት። ወርውሪ ያሉኝም እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። እጀታውን ወደ ጎን ገፉና ምስር ወጡን አቅርቢልኝ አሉ።

በሚቀጥለው ደመወዝ በሁለት አውቶቡስ ብቻዬን ወደዚያ ሱቅ ሄድኩ። ጢማሙ ሰውዬ አባትሽስ አለኝ። አጎቴ ነው፣ አይመጣም አልኩት። ለማን ነው አለኝ። ለእኔ አልኩት። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ዘርግቼ፣ ካለው ሁሉ ከባዶቹን ዘንጎች አንድ በአንድ አስወረድኩት። የእንጨቱን ዓሣ በየጫፋቸው እያሰርኩ የት ላይ እንደሚታጠፉ አየሁ። አንዱ ጫፉ ብቻ ሰገደ፤ አንዱ ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። አራተኛው ወገቡ ድረስ ቀስ ብሎ ታጠፈና ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሪሎቹንም እያዞርኩ፣ ሰውዬው ክሩን በእጁ ይዞ እንዲጎትት እያደረግኩ መረጥኩ። ሲያልቅ ጥሩ ምርጫ ነው አለኝ። አላመሰገንኩትም።

በመስከረም፣ ሚስ ዶሎረስ እያየችኝ፣ በዚያ ዘንግ በሁለት እጄ ያነሳሁትን ባስ ያዝኩ። አፉን ከፍቼ መንጠቆውን አወጣሁና ወደ ውሃው መለስኩት። እሷ ራሷን ነቅንቃ ዶሮዋን መብላቷን ቀጠለች።

ታሪኩ ግን የእኔ ሆኖ አያውቅም። በሠርጌ ላይ ተነገረ፤ ልጄ ሲወለድ ተነገረ። እኔም ለራሴ አንድ ነገር አስብ ነበር፤ ጋሼ ደጋግመው ሲያወሩት አምነውታል፣ እውነቱ ከጭንቅላታቸው ጠፍቷል እል ነበር። የረሳን ሰው ይቅር ማለት ይቻላል።

የልደቱ ዕለት ወደ ቤት የመለስኳቸው እኔ ነኝ። በራቸው ላይ ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጠፋሁ። «ጋሼ፣ ያን ዘንግ የመረጠው ማን ነበር?» አልኳቸው።

የመኪናውን ቀበቶ ሊፈቱ የዘረጉት እጅ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺማ አይችለውም ብለሽኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ያን እሑድ ሁሉም ከቦ ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ከዚያ ሰው ሳቀ። እንዴት ብዬ ልመልሰው?» አሉና በሩን ከፈቱ።

ደግፌ አስገባኋቸው፤ መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው፤ ጫማቸውን አወለቅኩላቸው። ሐሙስ ሐኪም ቤት የምወስዳቸው እኔው ነኝ፤ እወስዳቸዋለሁም። እወዳቸዋለሁ። ግን ሰው በዕድሜ ብዛት ንዴቱ ይበርዳል የሚሉኝን አልሰማም። የእኔ አልበረደም፤ እንዲያውም እንደሚያውቁ ካወቅኩ ወዲህ ብሷል። ሠላሳ ዓመት አብሬ የሳቅኩት፣ ሰው እንዳይከፋ ብዬ ነበር፤ ያ ሳቅ ነው አሁን የሚቆጨኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ማይክሮፎኑን ሲይዙ አልስቅም። ልጄ ዘወር ብሎ ቢያየኝ፣ እዚያው እነግረዋለሁ።