በቅጠል የተሸፈነው ቁልቁለት

ሚስቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ከሥሩም የራሴ አውራ ጣት አለበት። ውሸት ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ ግን ውሸቱን ፈርሜ ተቀበልኩት፤ ነፍሰ ገዳይ ተብዬም ኖርኩ።

በድርቁ ዓመት ከወሎ ተጭነን አሶሳ ስንራገፍ የሰፈርንባት መንደር ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ነበራት። መንገዷ በዶዘር የተጠረገ ቀይ አፈር ነው፤ ጠጠር የሚባል አልነካውም። ከመንደሩ ወጣ እንዳልክ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። በበጋ ምንም አይልህም። ማር ይዞልን የሚመጣ አንድ የአገሬው የበርታ ሕዝብ ሽማግሌ ገና በመጀመሪያው ሰኔ ነግሮን ነበር፦ «ይሄ መሬት ዝናብ ጠጣ፣ ሳሙና ሆነ። መኪና እዚህ አይሄድ።» ማን ይሰማዋል? እህሉም ሰውም የሚመላለሰው በዚያው ነው።

ጎጆዬ ቁልቁለቱ አናት ላይ ነበረች። ሁለት መኪና ዓይኔ እያየ ተንሸራቶ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ነገሩን ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ያደግኩት አገሬ መኪና መንገድ ዳር ነው። መኪና የተበላሸበት ሹፌር ቅጠል ቆርጦ መንገዱ ላይ ይጥላል፤ ከኋላ የሚመጣው ቅጠሉን አይቶ በረድ ይላል። ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። እናም ዝናብ በጣለ ቁጥር ቅርንጫፍ ቆርጬ ቁልቁለቱ አፍ ላይ አኖር ነበር። ሹፌሮቹ ለመዱት። ቅጠሌን ሲያዩ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ።

መንደርተኛው ሳቀብኝ። «ትራፊኩ! ቆቡን መቼ ነው የሚልኩልህ?» ይሉኛል። የሚስቴ ይብስ ነበር። «የገዛ ጎጆውን ክዳን ያላጨደ ሰው ለመኪና ቅጠል ያጭዳል! እስቲ መኪናዋ ወጥ ትሥራልህ» ትለኝ ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች።

አንድ ቀን ከበላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። የመንደሩ ካድሬ በመግቢያው ላይ በቀርከሃ የክብር በር አሠራ፤ ከበሩ እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ ሁሉ ቅጠል ይጎዝጎዝ ብሎ አዘዘ። ሴቶቹን ደግሞ እንግዳው ሥራ ላይ ያግኛቸው ብሎ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የጋራ እርሻ ላካቸው። ሄድኩ፣ ፊቱ ቆምኩ።

«ጓድ፣ ቅጠሉ ይቅር። መንገዱ ረጥቧል። ሁሉም ቅጠል ከሆነ ሹፌሩ ቁልቁለቱን በምን ያውቃል?»

«ዓይን የለውም?»

«ዓይኑ የሚያየው ቅጠል ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳውን በባዶ መሬት ልንቀበለው ነው? ሂድ፣ ቁረጥ!»

ቆረጥኩ። ይህን አልደብቅም። በገዛ እጄ ቆርጬ በገዛ እጄ ጎዘጎዝኩ። ቢቸግረኝ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ድንጋይ ደረደርኩ። ካድሬው መጥቶ በጫማው እየመታ ከመንገድ አወጣው። «በእንግዳ መንገድ ላይ ድንጋይ? ይሄ አሻጥር ነው!» አለኝ። በዚያ ዘመን አሻጥር ከተባልክ በኋላ የሚናገር አፍ የለህም።

እንግዳው ቀረ። ሰዉ ጠብቆ ጠብቆ ተበተነ። «እንግዲህ ቅጠሉን ላንሳ?» ብል «ነገ ቢመጣስ?» አለኝ ካድሬው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ካፊያ ጀመረ። ከወንዙ ማዶ የትራክተሩ ድምፅ ተሰማኝ። ሴቶቹን በተጎታች ጭኖ እየመለሰ ነው፤ ሚስቴም እዚያ ላይ ናት። ያንኑ ጊዜ በከተማው በኩል እህል የጫነ መኪና በቀርከሃው በር ሲገባ አየሁ።

ጋቢዬን ገፍፌ በሁለት እጄ እያውለበለብኩ ወደ መንገዱ ዳር ሮጥኩ። «ቁም! በአላህ ቁም!» እያልኩ እዘላለሁ። ሹፌሩ አየኝ። ጥርሱ ሁሉ ታየኝ፤ ይስቃል። ጥሩንባውን ነፋልኝ፣ እጁን አወዛወዘልኝ፣ ነዳጅ ጨምሮ አለፈኝ። እየጨፈርኩ የምቀበለው መስሎት ነው።

ትራክተሩ ግማሽ ዳገት ላይ ደርሶ ነበር። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ጎማው ቆመ፤ መኪናው ግን አልቆመም። ቅጠሉንም ጭቃውንም እየጠረገ በጎኑ ወርዶ ተጎታቹን መታው። ሦስት ሴቶች ሞቱ። አንዷ የኔ ናት። ስደርስ ነጠላዋ ጎማው ሥር ነበር። ከዚያ በላይ አልጽፍም።

አልቀበርኳትም። ሹፌሩን እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ሲወስዱት እኔን መጋዘን ቆለፉብኝ። ሲያወጡኝ ካድሬው ወረቀት ዘረጋ። «ባለቤቱ በመኪና አደጋ መሞቷን ያረጋግጣል» ብሎ አነበበልኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ አተምኩ። ወደ ሚስቴ ወንድም ቤት ለሰደቃዋ ስሄድ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ተመለስ።»

«ምን አደረግኩህ ወንድሜ?»

«ወንድሜ አትበለኝ። እኔ ነኝ ያስገደልኳት ብለህ ፈርመሃል። ካድሬው ነግሮኛል። እህቴን ከገደለ ጋር ከአንድ ገበታ አልቀርብም።»

መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ሌላው ደብዳቤ ሊጽፍ ገባ። እኔ አንድ ወረቀት ለማንበብ ገባሁ። በሁለተኛው ዓመት የፍርድ ሸንጎውን ጸሐፊ ለምኜ ወረቀቱን አየሁት። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ አነበብኩ፦ «መኪናው ፊት ዘሎ በመግባት ሹፌሩን በማደናገጥ ለባለቤቱና ለሁለት ሴቶች ሞት ምክንያት መሆኑን አምኖ...» አምኖ ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቁልቁለት የሚያልፈውን መኪና ሁሉ አስቁሜ ስለዚያ ሹፌር ጠየቅኩ። «አብደሃል እንዴ ሰውዬ?» ያላለኝ የለም። በመጨረሻ አንዱ ያውቀው ኖሮ መልእክቴን አደረሰልኝ። እያነከሰ መጣ። ሸንጎው ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

«የመጀመሪያውን ቅጠል ሳይ በረድ ብዬ ነበር። ከዚያ በሩን አየሁ፣ መንገዱም ሁሉ ቅጠል ነው። በዓል ነው አልኩ። ይህ ሰው ፊቴ አልገባም፤ ዳር ቆሞ ነበር። ብሰማው ኖሮ ልጆቻችሁ በሕይወት ነበሩ።»

ካድሬው ያኔ ሹመት አግኝቶ ሌላ አገር ሄዷል። በፍርዱ ውስጥ ስሙ አልተነሳም፤ ቅጠሉም አልተነሳም። አዲሱ ወረቀት «የሞቱ ምክንያት የመንገዱ ማንሸራተት ነው» ይላል። ጭቃው ላይ ፈረዱ። ለሚስቴ ወንድም እኔው ራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጥፎ መለሰልኝ። ቀጥሎ «ሰደቃዋን እንደገና አብረን እናውጣ» አለኝ። አወጣን፤ ከአንድ ገበታ በላን፤ ይቅር በለኝ ግን አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓመተ ምሕረት ነበር።