ማንም ቤቴ ትግባ ያላላት የስለት በግ

ትናንት እሁድ፣ እንጅባራ እንደ ልማዷ እያካፋች ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረነው ቄሳችን፣ እትዬ ጥሩ፣ ጎረቤታቸው ዘውዴና እኔ ነን። አንዲት ግልገልም ነበረች።

ሰበካችን የሚደግፈው ማኅበር ለተቸገሩ ቤተሰቦች እናት በግ ይሰጣል። ደንቡ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የተወለደችው ሴት ግልገል ጡት ስትተው ለሚቀጥለው ቤት ትተላለፋለች። እናቲቱን የወሰዱት እትዬ ጥሩ ናቸው፤ ግልገሏን ለመቀበል ተረኛዋ ዘውዴ ነበረች። ሦስት ልጆች አሏት፣ በደጇ ግን አንድ እንስሳ የለም።

እትዬ ጥሩ ግን «በጓ ምጥ ሲጠናባት ግልገሏን ለሚካኤል ተስያለሁ» አሉ።

ቄሱ ግልገሏን ባረኳትና «ስለትዎ ደርሷል። ሚካኤል ሣር የሚያጭድበት ጊዜ ስለሌለው ለዘውዴ ሰጥቷታል» አሉ። ሳቅን።

ዘውዴ አልሳቀችም። «የታቦት በግ ቤቴ አላስገባም አባ። ጅብ ቢበላብኝስ? ልጆች አሉኝ።»

«እኔስ ስለቴን ልብላ ነው የምትይኝ?» አሉ እትዬ ጥሩ።

ዝናቡ በረታ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥ ግቢ ሲሉኝ ስብሰባ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለመከራከር አቅም አጣሁና ግልገሏን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ጠዋት ከራሴ በጎች አንዷን ሴት ግልገል ፈታሁ፤ በጭቃው እየጎተትኩ ወስጄ ለዘውዴ አስረከብኳት። ተመልሼ የሚካኤልን በቦታዋ አሰርኳት። ይኸው ባስነጠሰች ቁጥር እየወጣሁ አያታለሁ።

እናንተ ጋ የስለት ከብት አልረከብም ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ?