ምልክት የሌለው አርባ ገጽ

«ባይኖርም ይሠራል» ብሎ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ያስጠላኛል። የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ።

ንፋስ መውጫ አንድ ኅትመት ቤት እሠራለሁ። ፕሮግራም መጻፍ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ በስልኬ ተማርሁ። እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው ቤተ ልሔም የሚያስተምሩ አንድ የድጓ መምህር ዓይናቸው ደከመ። ዜማውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ተማሪ የጻፈውን ማረም ግን ዓይን ይፈልጋል። ካላረሙ የመምህርነቱን ወንበር ሊለቁ ነው። ስለዚህ የተማሪውን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል የሚያትም ፕሮግራም ሠራሁላቸው።

ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸው ቅጥያዎች፣ ሌሎች ጽፈው የሚያካፍሏቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ባለው ዋና ማከማቻ ውስጥ አሉ፤ ከአንዱ በቀር። ከቃሉ በላይ የዜማውን ምልክት የሚያስቀምጠው ቅጥያ የሆነ ሰው በገዛ ድረ ገጹ ላይ ያኖረው ነው። እኔም ባይኖርም ይሠራል ብዬ፣ ከተገኘ ተጠቀም፣ ካልተገኘ ዝም ብለህ እለፍ ስል ጻፍሁ።

የኅትመት ቤቱ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሁሉን እንደ አዲስ ጫንሁ። የሰውየው ድረ ገጽ ጠፍቷል። ፕሮግራሙ እንዳዘዝሁት ዝም ብሎ አለፈ፤ እኔም ሳላይ አርባ ገጽ አተምሁ።

መምህሩ ኅትመት ቤቱ መጥተው ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«ምልክቱስ?»

«የኔታ፣ እሱ እኮ ተጨማሪ ነው። ቃሉ አለ።»

«ቃሉንማ ማንም ያነበዋል፣ ልጄ። እኔን የሚጠይቁኝ ምልክቱን ነው።»

ምነው አፌን በቆረጠው አልሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ምን ያስጨንቅሻል፣ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል» አለና ያን የሚመስል አንድ ቅጥያ አወረደልኝ። ስከፍተው ምልክቱን በማይሆን ፊደል ላይ በተነው። ቀጥሎ ግማሽ ራቁቷን የሆነች ሴት የቁማር ማስታወቂያ ይዛ ስክሪኑን ሞላችው።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ።

«ምንም አይልም።»

ዓይናቸው በመድከሙ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። በራሴም አፈርሁ። ያን ቆሻሻ አጥፍቼ እጄን ሁሉ መታጠብ አማረኝ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ የምትኖር የክፍል ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ድሮ ፕሮግራሙን ስሞክር ከነቅጥያው ጭኜው ነበር። ደወልሁላት።

«አንቺ ዝርክርክ፣ የራስሽን ሥራ እኔ ላስቀምጥልሽ?»

«ስደቢኝ፤ ግን ላኪው።»

ላከችው። ያን ቅጥያ ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ላይ አኖርሁት፤ ዝም ብለህ እለፍ ያልሁትንም ሰርዤ፣ ከሌለ ቁም፣ ለምን እንደቆምህም ተናገር ብዬ ጻፍሁ። አርባውን ገጽ እንደገና አተምሁ።

የኔታ የመጀመሪያውን ገጽ ይዘው በሹክሹክታ ማዜም ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሙ። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይኼን ምልክት ተማሪው እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው የጻፈው» አሉ። «እስኪ ቀይ እስክሪብቶ አምጪልኝ።»