ቦዩ ላይ የሚተኛው በር

ባለፈው ሰኞ የትምህርት ቤታችንን የብረት በር ቀይ የዝገት መከላከያ ሲቀቡት ሽታው እስከ መምህራን ክፍል ገባ። ባልደረቦቼ መስኮት ዘጉ። እኔ የማርመውን ደብተር አስቀምጬ ወጣሁና በሩ አጠገብ ቆምኩ። ይህ ሽታ ለእኔ የአንድ ሰው ሽታ ነው። አያ ፈንታሁን ጎንደር አራዳ ውስጥ ከቤታችን ፊት ለፊት ብረት ይበይድ የነበረ ጎረቤታችን ነው። እጁም፣ ካፖርቱም፣ የሚቀመጥበት ጀሪካንም ይህን ቀለም ይሸቱ ነበር።

የሱቁ በር እንደ ሌላው በር ወደ ጎን አይከፈትም። ማጠፊያው ከታች ነው። ጠዋት ሁለቱን ሰንሰለቶች ሲለቃቸው በሩ እየተንቋቋ ይወርድና በሱቁና በአስፋልቱ መካከል ባለው ቦይ ላይ ይተኛል፤ ድልድይ ይሆናል ማለት ነው። ደንበኛው ሁሉ በሩን ረግጦ ይገባል። ማታ ደግሞ በሰንሰለቱ ተስቦ ይቆማል።

እንዲህ አድርጎ የሠራው መርከበኛ ስለነበረ ነው። ጎንደር ባሕር ስለሌለ ነገሩን ማስረዳት ይኖርብኛል። አያ ፈንታሁን በደርግ ጊዜ ቀይ ባሕር ላይ ታንክ የምታወርድ መርከብ ውስጥ አገልግሏል። ይህች መርከብ ወደብ አትፈልግም። ታችዋ ጠፍጣፋ ነው። ታንኮቹን ሆዷ ውስጥ ትጭንና ወደ ባሕሩ ዳር አሸዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አፍንጫዋ አሸዋው ላይ ሲቀመጥ አፏን ትከፍታለች፣ ምላሷን ትዘረጋለች፣ ታንኮቹም በምላሷ ላይ ይወርዳሉ። ከመድረሷ በፊት ከኋላዋ መልሕቅ ትጥላለች፤ ሥራዋን ስትጨርስ የመልሕቁን ገመድ እየጠቀለለች ራሷን ወደ ባሕሩ ትስባለች። አፍና ምላስ የሚለው እሱ ነው። መርከቧንም «እሷ» ከማለት በቀር ስሟን ሲጠራ አልሰማሁም።

የሰፈሩ ሰው ግን እሱ ታንክ ሲል የውኃ ታንከር ነበር የሚሰማው። ከጎኑ የሚሠራው ልብስ ሰፊ በየጊዜው ይነካካዋል።

«አያ ፈንታሁን፣ ምነው ባሕር ላይ ውኃ መጫን?»

«ዓሣው ጠምቶት» ይላል እሱ፣ ቀና ሳይል።

ቧንቧው በደረቀ ሰሞን ደግሞ ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሲያልፉ «ያችን መርከብህን ላካት እንጂ» ይሉታል።

የመርከቧን ታሪክ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ በተራ ጽፎት ነበር፤ ማንበብ ስለምወድ ያስነብበኛል። ከሶቭየት መጥታ መጀመሪያ የቆመችበት ቀን፣ ወደ ባሕሩ ደሴቶች ዱቄት ያመላለሰችባቸው ወራት፣ ፍየል የጫነችበትና ሽታው አልለቅ ያለበት ጉዞ፣ የቀለሟ መታደስ፣ የሞተሯ መበላሸት፣ ሁሉም አለ። ታንክ ከጫነችበት ዱቄት የጫነችበት ይበዛል። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነበር። «መጨረሻዋስ?» ብዬ ስጠይቀው «ሄደች» አለኝ።

በየዓመቱ ለጥምቀት እትየ ዘነበች የሚባሉ እናት ከዛሪማ በአውቶቡስ ይመጡ ነበር። ልጃቸው አለባቸው ከአያ ፈንታሁን ጋር እዚያች መርከብ ላይ ይሠራ ነበር፤ አልተመለሰም። የሽንብራ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡለትና ጀሪካኑ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ይጠይቁታል።

«አየሁት የሚል አላገኘህም?»

«አላገኘሁም እትየ።»

የንስሐ አባታቸው ፍትሐት ይደረግለት ብለው ይመክሯቸዋል። ፍትሐት ለሞተ ሰው ነፍስ የሚደረስ ጸሎት ነው። እትየ ዘነበች ግን እሺ አላሉም። ልጁ በሕይወት ካለ፣ ማስፈታት በቁሙ መቅበር ነው። ሞቶ ከሆነ ደግሞ ያለ ጸሎት መተው ነፍሱን መበደል ነው። በሁለቱ መካከል ስንት ዓመት ቆሙ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ በጥምቀት ማግስት፣ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቆሏቸውን ስበላ እትየ ዘነበች እንዲህ አሉት፦

«ይቺ መርከብ የብስ ትወጣለች ብለኸኝ የለ? የብስ የምትወጣ መርከብ ምን ሆና ትሰምጣለች? ወጥታለች። ልጄም ከአንዱ አገር አለ።»

አያ ፈንታሁን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። መጥረጉን አላቆመም። እኔ ግን መልሱን አውቀው ነበር።

«አትወጣም እትየ» አልኩ። «የምትወጣው አፍንጫዋ ብቻ ነው። ኋላዋ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ እዚያ ስለሆነ።»

ብረት የሚያሰምርበትን ጠመኔ አንስቼ በሩ ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ይኸ አሸዋው፣ ይኸ ውኃው። ጎንበስ ብለው ሥዕሉን አዩት።

«የኔ ልጅ የቱ ጋ ነበር የሚሠራ?» አሉት።

«ከሞተሩ ዘንድ።»

«ከኋላ?»

«ከኋላ።»

ከዚያ ነገራቸው። «እኔ ከፊት፣ ምላሷን ከሚያወርደው ሰንሰለት ነበርሁ። ታንኮቹ ወርደው ሳያልቁ ተመታች። በምላሷ ላይ ሮጬ ወረድሁ። አሸዋው ላይ ሁኘ ዞሬ ሳይ ኋላዋ ሰጥሟል። ከዚያ በኩል የወጣ ሰው የለም። እስኪመሽ ቁሜ አይቻለሁ።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?»

«እኔ ወርጄ እሱ ቀረ ብዬ እንዴት ልንገርዎት።»

እትየ ዘነበች ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው እንደ ሐዘንተኛ ለበሱት። «የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው» አሉት። «ሲፈታ ከጎኔ ትቆማለህ።»

እናቴ «አንቺን ምን አገባሽ» ብላ ቆነጠጠችኝ። አያ ፈንታሁን በማግስቱ ከሳቸው ጋር ወደ ዛሪማ ሄደ። በሩ ሳይወርድ ሰነበተ፤ ሰዉም ቦዩን እየዘለለ አለፈ። ሲመለስ ቤት ተደብቄ ነበርና አስጠራኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ሥዕሉ በሩ ላይ እንዳለ ነው።

«ሸጋ አድርገሽ ሥለሻታል» አለኝ። «መልሕቋን ግን ረስተሻል።»

ጠመኔውን አንስቶ ከኋላዋ ጨመረላት። ደብተሩንም ሰጠኝ። ባዶው ገጽ ላይ አንድ መስመር ተጽፏል፦ «አለባቸው፣ የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም፣ ከመርከቧ ጋር ቀረ።»

አያ ፈንታሁን እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ታሞ ሞተ። ሱቁ አሁን ስልክ መጠገኛ ነው። ተከራዩ ወጣት ጠዋት ሰንሰለቱን ይለቃል፣ በሩም እንደ ድሮው ቦዩ ላይ ይተኛል። ሰኞ ከሥራ ስመለስ መስታወቱ የተሰበረ ስልክ ይዤ በሩን ረግጬ ገባሁ።

«መምህርት፣ አንቺ የዚህ ሰፈር ልጅ ነሽ» አለኝ። «ይኼን በር ገልብጦ የገጠመው ማነው?»

ከቦርሳዬ ጠመኔ አወጣሁና በሩ ላይ ተንበረከክሁ። መርከቧን ከኋላዋ ጀመርኩ፤ በመጀመሪያ መልሕቋን።